የተልባ እግር አንሶላ፦ ለመቐለ ቤት ያዋጣል?

ተልባ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የጾም ፍትፍት ወይም ለሆድ የሚጠጣው ብጥብጥ ነው። ከዚሁ ተክል አገዳ የሚወጣው ቃጫ ግን በዓለም ላይ ጥንታዊ ከሆኑት ጨርቆች አንዱ ይሠራበታል። በመጽሐፍ ቅዱስ «የተልባ እግር» የሚባለው፣ ዛሬ በሱቆች «ሊነን» የምንለው ጨርቅ ይህ ነው። በግብፅ ከ5 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የተልባ እግር ቀሚስ ተገኝቷል። በአገራችን ተልባ የሚዘራው ለፍሬው ነው። ለጨርቅ የሚሆነው ቃጫ በብዛት የሚመረተው በሰሜን ፈረንሳይና በቤልጂየም በመሆኑ አንሶላው እዚህ ሲደርስ ዋጋው ይወደዳል። ታዲያ ገንዘብዎን ሊያወጡበት ይገባል?

በመጀመሪያ ስሙ አያታልልዎ

በገበያ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች አንድ ቃል ምን ያህል እንደሚሸጥ እናውቃለን። በእንግሊዝኛ «ቤድ ሊነን» ማለት ከምንም ይሠራ ከምን ማንኛውም የአልጋ ልብስ ማለት ነው። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «ሊነን» የሚል ቃል ስላዩ ብቻ የተልባ እግር ገዛሁ አይበሉ። ውስጡ ጥጥ፣ አለዚያም ንጹሕ ፖሊስተር ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ከጨርቁ ጠርዝ የተሰፋው ትንሽ መለያ ነው። «100 በመቶ» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈውን ያንብቡ። «ማይክሮፋይበር» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው።

መለያ ከሌለው በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት። እውነተኛ ሊነን ወዲያው ይጨማደዳል፤ ክሮቹም አልፎ አልፎ ወፈር ቀጠን ይላሉ። ባለሱቁ ከፈቀደ ከጠርዙ አንዲት ክር መዘው በጥንቃቄ ያቃጥሉ። ሊነንና ጥጥ እንደ ወረቀት ነድደው ለስላሳ አመድ ይሆናሉ። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሠራል።

ምቾቱ ከየት ይመጣል?

ሊነን ላብ ይመጥጣል፤ አየር ያሳልፋል፤ ከጥጥ ይልቅ ቶሎ ይደርቃል። ክሩ ጠንካራ ነው፤ ሲረጥብ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። አዲስ ሲሆን ሻካራ ቢመስልም በታጠበ ቁጥር እየለሰለሰ ይሄዳል። ለካውያ ግን አስቸጋሪ ነው፤ የተተኮሰ አልጋ ለሚወዱ ሰዎች አይሆንም።

መቐለ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ሊነን ገላ ላይ ቀዝቀዝ የሚል በመሆኑ በግንቦት ሙቀት ያስደስታል፤ በታኅሣሥ ግን ብቻውን አይበቃም። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ጋቢ ይደርቡበት። አራት ድርብ የሆነው የእጅ ፈትል ጋቢ በድርቡ መሃል አየር ስለሚይዝ ያሞቃል፣ ገላንም አያፍንም። ከሥር ፖሊስተር አንጥፈው ከላይ ጋቢ ቢደርቡ ግን ላብዎ መሄጃ ያጣል።

ሒሳቡን እንሥራው

የአልጋ ልብስን በዋጋው ብቻ ሳይሆን በሚያገለግልበት ዘመን ይመዝኑት። ለስሌት እንዲመች ያህል ጥሩ የጥጥ አንሶላ በ3,000 ብር ገዝተው 3 ዓመት ቢጠቀሙበት በዓመት 1,000 ብር ይደርስብዎታል። ሊነኑ 12,000 ብር ከሆነ ከጥጡ ጋር እኩል ለመሆን 12 ዓመት መቆየት አለበት። በደንብ የተያዘ ሊነን ዕድሜው ረጅም ነው፤ በበረኪና የታጠበ ግን ያን ያህል አይቆይም። በቤትዎ አጣቢው ሌላ ሰው ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

ከጦርነቱ በኋላ ቤቱን እንደገና እያደራጀ ላለ ቤተሰብ ቅድሚያው ግልጽ ነው። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ለእያንዳንዱ አልጋ ሁለትና ሦስት ቅያሪ መኖሩ ከአንድ ውድ አንሶላ ይሻላል። ለዚህ 100 በመቶ ጥጥ ይበቃል፤ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካን የመሰሉ የአገር ውስጥ አምራቾች የጥጥ አንሶላ ሲሠሩ ኖረዋል። የክር ብዛቱ ከ200 እስከ 400 ከሆነ ጥሩ ነው። «1,000» የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ የተገመዱ ቀጫጭን ክሮችን አንድ በአንድ በመቁጠር የሚገኝ የሻጭ ዘዴ ነው። ሊነን ደግሞ በክር ብዛት ሳይሆን በክብደቱ ይመዘናል፤ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ግራም ለአንሶላ ተስማሚ ነው።

ሌሊት የሚያልብዎት ከሆነ፣ ቅያሪው ከተሟላ በኋላም ገንዘብ ከተረፈ፣ ሊነን ያዋጣዎታል። ያኔም በሁለት የትራስ ልብስ ይጀምሩ። ዋጋው ይቀላል፤ ፊትዎ የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ከተስማማዎት ወደ አንሶላው ይለፉ።

ከመግዛትዎ በፊት

• የፍራሽዎን ርዝመት፣ ስፋትና ውፍረት ለክተው ይሂዱ፤ በግምት አይግዙ።
• ሊነን በመጀመሪያው እጥበት ጥቂት ስለሚሰበሰብ ሰፋ ያለውን ይምረጡ።
• ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃ ይጠቡ፤ በረኪና አያስነኩት፤ ሲጨምቁም አጥብቀው አይጠምዝዙት።
• ትንሽ እርጥበት ሳለው አንስተው በእጅዎ እያሳሳቡ ይጠፉት፤ ካውያ ላያስፈልገው ይችላል።