«ረሳሁት» የሚለው ልጅ



የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ታውቁታላችሁ። እናት «ዩኒፎርምህን ቀይር፣ ዳቦ ግዛ፣ ከዚያ የቤት ሥራህን ሥራ» ትላለች። ልጁ ዳቦውን ይዞ ይመጣል፤ ዩኒፎርሙን ግን አልቀየረም፤ ደብተሩም አልተከፈተም። ሲጠየቅ መልሱ «ረሳሁት» ነው። «ሰነፍ!» ይባላል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ልጁ ራሱ ሰነፍ ነኝ ብሎ ማመን ይጀምራል። ትልቁ ጉዳት ይኸው ነው።

ለመሆኑ ልጁ ዋሽቷልን? ብዙውን ጊዜ አልዋሸም። ማቀድ፣ የታዘዙትን በአእምሮ መያዝ፣ ስሜትን መግታት፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገር በአብዛኛው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ድርሻ ነው። ይህ ክፍል በስሎ የሚያበቃው ደግሞ በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። ልጁ በቁመት አባቱን ቢደርስም ይህ ችሎታው ገና በማደግ ላይ ነው።

ታዲያ ዝም ብለን እንለፈው? አይደለም። ችሎታው በልምምድ ይጎለብታል፤ እስኪጠነክርም ምርኩዝ እንሁነው።

አንደኛ፣ ትእዛዝ አናደራርብ። ከሁለት በላይ ከሆነ ራሱ በወረቀት ይጻፈው፤ የፈጸመውን ይሰርዝ።

ሁለተኛ፣ ሥራውን ከማይቀር ነገር ጋር ያያይዘው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ «አጠናለሁ» ከማለት ይልቅ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን ሥራን ለመጀመር ይበልጥ ይረዳል። በሙስሊም ቤት ቀኑ አስቀድሞ በሶላት ተከፋፍሏል። «ዐስር ሰግጄ እንደጨረስኩ የሒሳብ ደብተሬን እከፍታለሁ» ይበል።

ሦስተኛ፣ ዕቅዱን እርሱ ያውጣ። ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው የትኛውን ምዕራፍ መቼ እንደሚያነብ ራሱ ይደልድል፤ የእኛ ድርሻ መጠየቅ ነው። እኛ ካቀድንለት የተለማመድነው እኛ ነን!

አራተኛ፣ በቂ እንቅልፍ ያግኝ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። ለሱብሒ የሚነሣ ልጅ በጊዜ ይተኛ፤ ሞባይሉም ሌላ ክፍል ይደር።

እየለመደ ሲሄድ ምርኩዙን ቀስ በቀስ እናንሳ። ዛሬ «ዩኒፎርምህን ቀይር» ያልነውን ነገ «ምን ቀረህ?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ራሱ ፈልጎ ያገኘ ዕለት፣ ራሱን መምራት ጀምሯል ማለት ነው።

አላህ በልጆቻችን ተርቢያ ያግዘን።