አንዷን ደቂቃ ማን ይከፍላታል?

አራት ቢሊዮን ተኩል ፓውንድ። የዌልስ መንግሥት በከተሞችና በመኖሪያ ሰፈሮች የተሽከርካሪ ፍጥነት ወሰንን ዝቅ የሚያደርግ ሕግ ሲያዘጋጅ፣ ሕጉ በ30 ዓመት ውስጥ ኢኮኖሚውን ሊያሳጣው ይችላል ተብሎ የተገመተው ገንዘብ ይህን ያህል ነበር። ቁጥሩን ያወጣው ተቃዋሚ ወገን አልነበረም። መንግሥት ራሱ አስልቶ ለምክር ቤቱ አቀረበው፤ ምክር ቤቱም ቁጥሩን እያየ ሕጉን አጸደቀው። ከመስከረም 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የመንገድ መብራት በተተከለባቸው የከተማና የመንደር መንገዶች ላይ ወሰኑ በሰዓት ከ30 ማይል ወደ 20 ማይል፣ ማለትም ከ48 ወደ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረደ። ሕጉ እንዲሻር የቀረበው አቤቱታ ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን ጥቂት በሚበልጠው አገር ወደ 470,000 የሚጠጋ ፊርማ አገኘ።

ያንን ቁጥር መፍታት እፈልጋለሁ። ነገ በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ የሰፈር መንገዶች ላይ የ30 ኪሎ ሜትር ወሰን በጥብቅ ይከበር ቢባል፣ መጀመሪያ የሚነሳው ክርክር «ሥራ ያስፈታናል» የሚለው ነውና።

የቁጥሩ እናት አንዲት ደቂቃ ናት። ወሰኑ ሲወርድ አንድ ጉዞ በአማካይ አንድ ደቂቃ ያህል ይረዝማል ተባለ። ያቺ ደቂቃ በሰው የሰዓት ዋጋ ተባዛች፤ ከዚያ በጉዞዎች ብዛት፣ ከዚያ በ30 ዓመት። አራት ቢሊዮን ተኩሉ እንዲህ ተወለደ። ወደ ኋላ ተመልሰን በደምሳሳው ብናካፍለው በዓመት 150 ሚሊዮን፣ በነፍስ ወከፍ ደግሞ በዓመት 48 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። በቀን ሲመነዘር 13 ሳንቲም አካባቢ ነው። ያው ገንዘብ ተደምሮ ሲነገር አገር የሚያናጋ ይመስላል፤ ተመንዝሮ ሲነገር ኪስ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋ ፍራንክ ነው።

ለመሆኑ ደቂቃ ይደመራል ወይ? በትራንስፖርት ኢኮኖሚ ውስጥ ይህ የቆየ ክርክር ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ሙሉ ሰዓት ብታጣ አንድ ቀሚስ ሳይጠናቀቅ ያድራል፤ ጉዳቱ የሚቆጠር ነው። ስድሳ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ቢያጡ ግን ከስድሳዎቹ የማናቸው ሥራ ጎደለ? አንዱ ቡናውን ትንሽ አፍጥኖ ይጠጣል፣ ሌላው ከቤቱ ቀደም ብሎ ይወጣል። ደቂቃዋ ዋጋ የላትም እያልኩ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ እንደጠፋች ሙሉ ሰዓት አድርጎ መቁጠር ግን ሒሳቡን ወደ አንድ ወገን ያጋድለዋል።

በሒሳብ መዝገቡ ሌላኛው ዓምድ የሚገባው ደግሞ የሰው አካል ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ አሽከርካሪ ፊት ኳስ ተከትሎ ልጅ ድንገት ገባ እንበል። ሰውየው አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ያልፋል፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው 8 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት 5 ሜትር ያህል ተንሸራቶ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር። በ50 የሚነዳው ግን በዚያችው ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልነካም፤ ልጁን የሚያገኘው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ እንደሚጨምር ደጋግሞ ይጠቅሳል። የትራፊክ አደጋ አብዛኞቹን አገሮች ከዓመታዊ ምርታቸው 3 በመቶ ያህሉን እንደሚያሳጣም የሚገልጸው ይኸው ድርጅት ነው።

ኢኮኖሚስቶች አንዱ ፈጥሮት ሌላው የሚከፍለውን እንዲህ ያለ ጉዳት «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል። ጭስ ለቅቆ የጎረቤትን ሳንባ እንደሚጎዳ ፋብሪካ፣ በሰፈር ውስጥ የሚፈጥን አሽከርካሪም ደቂቃዋን ለራሱ ይወስዳል፣ ክፍያውን ግን ለሌላ ይተዋል። ከፋዩ መኪና የሌለው እግረኛ ነው። ከፋዩ አስታማሚ ሆና ከሥራዋ የቀረች እናት ናት፤ አልጋው የተያዘበት የመንግሥት ሆስፒታልም ነው። ገበያው ይህን ዋጋ ለአሽከርካሪው አይነግረውም። የፍጥነት ወሰን ሥራው ይህን የተደበቀ ዋጋ ለፈጠረው ሰው መመለስ ነው። ስለዚህ ወሰንን «የኢኮኖሚ እንቅፋት» ብሎ መጥራት ለእኔ አይዋጥልኝም።

ዌልስ ውስጥ ምን ሆነ? ሕጉ ከጸና በኋላ ባለው የመጀመሪያ ዓመት፣ 20 እና 30 ማይል ወሰን ባላቸው መንገዶች ላይ የተጎጂዎች ቁጥር በሩብ ገደማ ቀነሰ። የሞቱትና ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ከቀደመው ዓመት ወደ 100 በሚጠጋ አነሱ። ለንግድ ሰው ይበልጥ የሚጥመው ሌላ መረጃ ነው፤ ኢሹር የተባለው የመድን ኩባንያ በዌልስ የሚቀርቡለት የተሽከርካሪ ጉዳት ካሣ ጥያቄዎች በ20 በመቶ መቀነሳቸውን አስታወቀ። መድን ሰጪ የሚኖረው አደጋን በመቁጠር ነው፤ ለማንም ፖለቲካ አያጨበጭብም። በጣሊያን ቦሎኛም በ30 ኪሎ ሜትር ወሰን በተመራችበት የመጀመሪያ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ አንድም እግረኛ አልሞተም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ እንዲህ ያለ ዓመት አልነበራትም።

በሌላ በኩል የሰሜን አየርላንዷ ቤልፋስት አለች። በመሀል ከተማዋ 76 መንገዶች ላይ 20 ማይል የሚል ምልክት ተተከለ፤ ተመራማሪዎች ቆይተው ሲለኩ ግን ያገኙት ለውጥ ከቁብ የሚቆጠር አልነበረም። ቦታው ጠባብ ነበር፣ መንገዱም በቅርጹ አልተለወጠም። ከተማ አስተዳደር ምልክት አትሞ «ሥራዬን ሠራሁ» ቢል የሚያተርፈው የቀለሙን ወጪ ብቻ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በአዲስ አበባ በየዓመቱ ወደ 400 የሚጠጋ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይህን ቁጥር ለመቀነስ ከፈለግን መጀመሪያ ሹፌሩ ለምን እንደሚፈጥን መረዳት አለብን፤ መልሱም ከባሕርይው ይልቅ ከገቢው አሠራር ይገኛል። የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኛ አይደለም። ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ የረዳቱን ይከፍላል፣ የሚተርፈው የእሱ ነው። ገቢው እስኪሞላ ያለው ምልልስ ሁሉ ለሌላ ሰው የተሠራ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምትጨመር እያንዳንዷ ምልልስ ግን የልጆቹ እንጀራ ናት። እንዲህ ባለ ውል የታሰረ ሰው ባይፈጥን ነው የሚገርመው። ቅጣቱም ቢሆን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ውሉን የወሰነው ባለቤት አይነካም።

ነገር ግን ወሰኑ በእርግጥ ምልልሱን ይቀንስበታል? በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከመገናኛ ተነስቶ በአማካይ 30 ኪሎ ሜትር መሄድ የቻለ ታክሲ አላየሁም። ሹፌሩን የሚያስቆመው ወሰን ሳይሆን መጨናነቁ ነው። መንገዱ ክፍት በሚሆንበት በማለዳና በምሽት ደግሞ እናስላው፦ ሰፈር ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር በ50 ለመሄድ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ፣ በ30 ለመሄድ 4 ደቂቃ ይፈጃል። ልዩነቱ 1 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነው። ታክሲው ተራ ይዞ እስኪሞላ ከዚያ በላይ ይቆማል። ስለዚህ የሹፌሩን ኑሮ የሚያሻሽለው ተራ አያያዙንና የቀን ገቢውን ውል ማስተካከል ነው፤ ከእግረኛው ላይ የምትቀማው ደቂቃ ተኩል እምብዛም አትጠቅመውም።

ሌላው የምቆረቆርበት ጉዳይ መንገዱ ራሱ ነው። የሰፈር ኮብልስቶን ለብዙ ወጣቶች የሥራ ዕድል ሆኖ ነው የሚታወሰው፤ ግን ማንም ሳያቅደው ፍጥነት መቆጣጠሪያም ነበር። ድንጋዩ ጎማውን ያንቀጠቅጣል፣ ሹፌሩ ሳይታዘዝ ይቀንሳል፤ ካሜራም ትራፊክ ፖሊስም አያስፈልግም። አሁን የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊና ለስላሳ አስፋልት እያመጣ ነው። የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አብሮ መሠራቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከልቤ ደስ የሚለኝ ሥራ ነው። ሆኖም ለስላሳ ሰፊ መንገድ «ንዳ፣ ንዳ» ይላል። መጋቢ መንገዶቹ ሲነደፉ መታጠፊያውን ማጥበብና ማቋረጫውን ከፍ ማድረግ አብሮ ቢሠራ ወጪው ከአስፋልቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ካለቀ በኋላ አፍርሶ መሥራት ግን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

የሰውን ሕይወት በብር መተመን ይከብዳል ይባላል። እኛ ግን ተምነናል። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ በሦስተኛ ወገን መድን ለንብረት ጉዳት የሚከፈለው ጣሪያ 100,000 ብር፣ ለሞት የሚከፈለው ጣሪያ ደግሞ 40,000 ብር ነበር። በዚያ ተመን የተገጨ መኪና ከተገጨ ሰው ይበልጥ ያስከፍል ስለነበር፣ የኢንሹራንስ ዓረቦን ሹፌሩን ስለ እግረኛ እንዲያስብ የሚያስገድድበት ምክንያት አልነበረውም።

ሕዝቡ ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠውን ዋጋ ያየሁት በራሴ ሰፈር ነው። አንድ ልጅ በባጃጅ ከተገጨ በኋላ ጎረቤቶቼ ከየቤቱ ገንዘብ አዋጡ፤ ሲሚንቶና አሸዋ ተገዛ፤ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎልማሶቹ አካፋ ይዘው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሠሩ። ከመካከላቸው መኪና ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም አዋጥተዋል፣ በየቀኑ እዚያች ጉብታ ላይ ደቂቃቸውን እንደሚከፍሉ እያወቁ። ያ መዋጮ በየትኛውም የመንገድ ጥናት ውስጥ አልተመዘገበም። ጉብታዋ አሠራሯ ጎርበጥባጣ ነው፤ ቀለም የላትም፣ ማታ አትታይም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ኳስ የሚጫወቱት ከእሷ ወዲህ ባለው መንገድ ላይ ነው።