ተጀሱስ፦ ጥፋትን መፈለግና ሰውን መሰለል

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሣው ርዕስ ሰዎች በገበያም በቡና ላይም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ነው። አንድ ሰው አቤቱታ በመፈረሙ ወይም ሰልፍ በመውጣቱ ብቻ ስልኩ ሲጠለፍ፣ ደጁ ሲጠበቅ፣ ከማን ጋር እንደዋለ ሲመዘገብ፣ ይህ ነገር በዲናችንም በሀገራችን ሕግም እንዴት ይታያል? ጎረቤቱስ «ምን ሲል ሰማኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ምን ብሎ ይመልስ? ኢንሻአላህ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ተራ በተራ እናያለን።

ከአውጫጭ እንጀምር

በደጋው ጎጃም አባቶቻችን አውጫጭ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲሰወር፣ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሚያውቀውን እንዲናገር ይጠየቃል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሰዉ ሥራውን ፈትቶ ይውላል። ሥርዓቱ እንከን ነበረው፤ ንጹሑ ከጥፋተኛው ጋር ይጉላላል፣ በቂም የሚጠቁምም አይጠፋም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አውጫጭ ሲጠራ አስቀድሞ የጠፋ በሬ ወይም የወደቀ ሬሳ አለ። ጥፋቱ ይታወቃል፤ የሚፈለገው ጥፋተኛው ነው።

ስለላ ግን ከሌላው ጫፍ ይጀምራል። በመጀመሪያ ሰውየው ይመረጣል፤ ጥፋቱ ኋላ ይፈለግለታል። ስልኩ ለአንድ ዓመት ከተሰማ፣ እንግዳው ሁሉ ከተቆጠረ፣ በቁጣ የተናገረው ሁሉ ከተጻፈ፣ አንድ የሚያስጠይቅ ቃል የማይገኝበት ሰው ማን ነው? ዛሬ ከምንለው ሁሉ ይህ ልዩነት ዋናው ነው።

ዲናችን ምን ይላል?

በቅዱስ ቁርኣን ሱረቱል ሑጁራት 12ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን ከሦስት ነገሮች ይከለክላል፤ ከመጥፎ ጥርጣሬ፣ ነውር ከመከታተል (ተጀሱስ) እና ከሐሜት። ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። ጥርጣሬ ስለላን ይወልዳል፣ ስለላ ደግሞ ሐሜትን። የመጀመሪያው በር ካልተዘጋ ሌሎቹን መዝጋት አይቻልም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሰዎችን ነውር እያሳደደ የሚከታተል ሰው ሰዎቹን እንደሚያበላሻቸው አስተምረዋል፤ ሐዲሱን አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

ክልከላው ገዥንም ይመለከታል። በዑለማ መጻሕፍት ስለ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) የሚተረክ አለ። ዑመር ሌሊት መዲናን ሲዞሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰምተው በአጥሩ ዘለው ገቡ፤ ሰውየውንም በጥፋት ላይ አገኙት። ሰውየው ግን እኔ ያጠፋሁት አንድ ነው፣ እርስዎ ሦስት አጠፉ ሲል መለሰላቸው፦ ሰለሉ፣ በበሩ አልመጡም፣ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ ገቡ። ዑመርም ትተውት ወጡ። የሙስሊሞች ሁሉ መሪ የነበሩት ሰው በአንድ ተራ ሰው ቃል መገታታቸው ነው የታሪኩ ቁም ነገር።

ታዲያ መንግሥት ወንጀልን ጨርሶ አይከታተል ማለት ነውን? አይደለም። በ450 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አል-ማወርዲ ስለ አስተዳደር ሕግ በጻፉት መጽሐፍ ላይ ልዩ ሁኔታውን ለይተው አስቀምጠዋል። አንድ እምነት የሚጣልበት ሰው መጥቶ እገሌ እገሌን ሊገድለው ወደ ስውር ቦታ ወስዶታል ቢል መመርመር ይፈቀዳል፤ ካለፈ በኋላ የማይመለስ ጥፋት ነውና። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል፦ የታወቀ ሰው፣ የታመነ መረጃና የማይመለስ ጉዳት። ተቃውሞን ማሰማት፣ አቤቱታ መፈረም ወይም ባለሥልጣንን መውቀስ ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

በሀገራችን የሆነው

በ1967 ዓ.ም. የተቋቋሙት ቀበሌዎች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ነበሩ፤ ሸንጎም ነበራቸው። በቀይ ሽብር ዓመታት ግን ብዙዎቹ የመጠቆሚያና የማሰሪያ ቦታ ሆኑ። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ቃል የሚያስደነግጠን በከንቱ አይደለም። በኢሕአዴግ ዘመንም ለልማት ተብሎ የተደራጀው 1 ለ5 ማን ስብሰባ ቀረ፣ ማን ምን ተናገረ የሚለውን ወደ ላይ ማድረሻ ሆኗል የሚል ወቀሳ በየገጠሩ ይሰማ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በአንቀጽ 14 የስልክና የሌላ ግንኙነት ጠለፋን በፍርድ ቤት ፈቃድ ፈቀደ። በአንቀጽ 23 ደግሞ የመረጃው ምንጭ ሳይገለጽ የደኅንነት ሪፖርት ማስረጃ ሆኖ እንዲቀርብ አደረገ። ይህ ማለት ተከሳሹ ማን እንደመሰከረበትና ምስክሩ እንዴት እንዳወቀ መጠየቅ አይችልም ማለት ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ በተነሣው የሙስሊሞች የመብት ጥያቄ ሕዝቡ የመረጣቸው የኮሚቴ አባላት የተከሰሱት በዚሁ አዋጅ ነበር። ገና ጉዳያቸው በችሎት እያለ፣ በጥር 2005 «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላልፎ እንደ ወንጀለኛ ታዩ። በ2007 ዓ.ም. 18 ሰዎች ጥፋተኛ ተብለው ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ።

ጉዳዩ የሙስሊሙ ብቻ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከጎንደር የተነሣው ተቃውሞ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ተዛመተ። መስከረም 28 ቀን 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ ማሳየት፣ ኢሳትንና ኦኤምኤንን መከታተል እንኳ ተከለከለ። በመጀመሪያው ወር ብቻ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች መታሰራቸውን መንግሥት ራሱ ገለጸ። በምዕራብ ጎጃም የሚገኘው የብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ከማቆያዎቹ አንዱ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የታወጀውና 10 ወር የቆየው አዋጅም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማሰርን ፈቅዶ ነበር።

ስልክስ? ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሪፖርት እንደተመለከተው፣ በምርመራ ላይ የነበሩ ሰዎች የደወሉባቸው ቁጥሮች ዝርዝር ቀርቦላቸዋል፣ የተቀዳ ንግግራቸውንም የሰሙ አሉ። ይህን ለማድረግ ትልቅ ጥበብ አያሻም፤ በዚያን ጊዜ የነበረው የስልክ ድርጅት አንድ፣ ያውም የመንግሥት ነበር። ማን ለማን በስንት ሰዓት ደወለ የሚለው መዝገብ ለሒሳብ ሲባል በድርጅቱ ዘንድ ይቀመጣል። በውጭ ሀገር ባሉት ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች (ሲቲዝን ላብ) እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳወቁት፣ ለኢሳት ጋዜጠኞች የተላከው ፋይል ሲከፈት ኮምፒውተርን የሚሰልል ፕሮግራም ይጭን ነበር፤ ፕሮግራሙ የጣሊያኑ ሐኪንግ ቲም ኩባንያ ሥራ ነው።

ስለላ ሰላምን ያመጣልን?

አንዳንዱ «ለደኅንነታችን ነው» ይላል። ደኅንነት ትልቅ ኒዕማ ነው፤ ነገር ግን የሌሎችን ልምድ እንይ። የኒው ዮርክ ፖሊስ ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ ልዩ ክፍል አቋቁሞ ሙስሊሞች የሚሰግዱበትን፣ የሚበሉበትንና የሚነግዱበትን ቦታ ሲመዘግብ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2012 የፖሊሱ የመረጃ ኃላፊ ቶማስ ጋላቲ በመሐላ ሲጠየቁ፣ እርሳቸው ኃላፊ በነበሩበት ጊዜ ከዚያ ክፍል ሥራ የሽብር ምርመራ የሚያስጀምር አንድም ፍንጭ እንዳልተገኘ ተናገሩ። በ2014 ክፍሉ ተዘጋ። የተረፈው ነገር ቢኖር ሰዎች በመስጊዳቸው አጠገባቸው የሚቆመውን ሰው መፍራታቸው ነው።

የራሳችንም ታሪክ አለ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ሲቃወም በጦርና በአውሮፕላን ተመታ። በመጨረሻ ግን ነገሩ የበረደው ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ሲነሡና የተወዘፈው ግብር ሲሰረዝ ነው። ሕዝብ የሚለው ነገር ሲኖረው ጆሮ ጠቢ መላክ ሳይሆን ጆሮ መስጠት ያዋጣል።

ሕጉን እንወቅ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን መኖሪያ፣ ደብዳቤ፣ ስልክና በኤሌክትሮኒክስ የሚደረግ ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቃል። ይህ መብት ሊገደብ የሚችለው በአስገዳጅ ሁኔታና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው። አንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን፣ ሰልፍ መውጣትንና አቤቱታ ማቅረብን መብት ያደርጋል። የተያዘ ሰው በአንቀጽ 19 መሠረት የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው፣ ላለመናገር ሊመርጥና ለጉዞ ከሚወስደው ጊዜ በስተቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል። በአንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጎበኙት መብት አለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። የዳኛ ፈቃድ የሚጠየቀው ለወግ አይደለም። ፖሊሱ ማንን፣ በምን ምክንያት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚከታተል ለሌላ ሰው እንዲያስረዳ ነው። ኢማም አል-ማወርዲ የጠየቁትም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ስለ ጎረቤትህ ብትጠየቅ በዓይንህ ያየኸውን ጉዳት መስክር። ሰው ሊገደል፣ ንብረት ሊቃጠል መሆኑን ካወቅህ ዝም ማለት አይፈቀድልህም። ነገር ግን «ምን ያስባል? ማንን ይደግፋል? ማን ይጠይቀዋል?» ለሚለው ጥያቄ በሥራ፣ በመሬት ወይም በብድር ተደልለህ የሰው ስም አትስጥ። ያ ምስክርነት አይደለም፤ በቂያማ ቀን የሚያስጠይቅ ሐቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ጥያቄ ያላችሁ ጥያቄያችሁን በግልጽ፣ በፊርማና በሰላም አቅርቡ። የሚያስፈራራ መልእክት አትጻፉ፣ አታስተላልፉም። ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ያለ ማስረጃ «እገሌ ሰላይ ነው» አትበሉ። ስለላ ዓላማውን የሚያደርሰው በሰላዩ ብዛት አይደለም፤ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ሲጠረጥር ነው። ያኔ እድሩ ይፈርሳል፣ ቡናው ይቀራል፣ የታመመ ጠያቂ ያጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ተከባብሮ በሚኖርበት በደብረ ማርቆስና በዙሪያው፣ ይህ ከማንኛውም ኪሳራ ይበልጣል። በፖሊስነትና በሚሊሻነት የምታገለግሉ ወንድሞችና እህቶችም እንዲሁ፤ ደመወዛችሁ ሐላል የሚሆነው ጥፋተኛን ስትይዙ እንጂ ለንጹሕ ሰው ጥፋት ስትፈልጉለት አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ) ነውራችንን ይሸፍንልን፤ የሌላውን ነውር ከመከታተልም ይጠብቀን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።