የግምጃ ቤት ቁልፍና የሁለት ወገን ክርክር

የሕዝብ ገንዘብ ያለ ሕግ እንዳይወጣ መጠበቅ ትልቅ ጥበብ ነው። ነገር ግን የቁልፉ ጠባቂዎች እርስ በርሳቸው በተጣሉ ጊዜ፥ ጥፋትን እንዲከለክል የተሠራው መዝጊያ ሥራን የሚከለክል ይሆናል። ለዚህም የአሜሪካ መንግሥት ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

በዚያ አገር ሕገ መንግሥት፥ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ከግምጃ ቤት ምንም ገንዘብ ሊወጣ አይችልም። የበጀቱ ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ስለሚጀምር፥ ሁለቱ ምክር ቤቶች አስቀድመው ወጪውን ወስነው ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ማቅረብ ይገባቸዋል። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ግን ክርክሩን ለመዝጋት ከ100ው አባሎች የ60ው ድምፅ ስለሚያስፈልግ፥ በቍጥር የሚበልጠው ወገን እንኳ ብዙ ጊዜ ያለ ተቃዋሚው ፈቃድ ሊፈጽም አይችልም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 1980 ድረስ በጀቱ ቢዘገይም አብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸውን አያቋርጡም ነበር፤ በዚያ ዓመት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቤንጃሚን ሲቪሌቲ ሕጉን አጥብቀው ስለ ተረጐሙት፥ ከዚያ ወዲህ የበጀት መዘግየት መሥሪያ ቤት የሚያዘጋ ሆነ።

ጉዳቱን ለመመዘን የ2018ቱን ጠብ መመልከት ይበቃል። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜክሲኮ ወሰን ለሚሠራ ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ፤ ዴሞክራቶቹ እንቢ አሉ፤ ከዲሴምበር 22 ጀምሮ ለ35 ቀን 800,000 ያህል ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ሰነበቱ። ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት፥ የአውሮፕላን መንገድ የሚቈጣጠሩት ሳይቀሩ፥ ምንም ሳይከፈላቸው ይሠሩ ነበር። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ከተቈጣጣሪዎቹ ጥቂቶቹ በመቅረታቸው በኒውዮርክ በረራ ተስተጓጐለ፤ በዚያው ቀን ሁለቱ ወገኖች መሥሪያ ቤቶቹ እንዲከፈቱ ተስማሙ። በኋላ ለግንቡ የተፈቀደው 1.375 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፥ የምክር ቤቱ የበጀት መሥሪያ ቤት እንደ ገመተው፥ ከአገሪቱ ሀብት ሳይመለስ የቀረው 3 ቢሊዮን ነው። ጠቡ ያጠፋው ለግንቡ ከተፈቀደው ከእጥፍ በለጠ።

ይህ የአንድ ወገን ብቻ በደል አይደለም። በ2025 ዴሞክራቶቹ ለጤና መድን የሚሰጠው ርዳታ ካልተራዘመ በጀቱን አናሳልፍም ስላሉ፥ ሪፐብሊካኖቹም አስቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ይከፈት ስላሉ፥ 43 ቀን ተዘጋ። በመጨረሻ ርዳታው ሳይራዘም ተከፈተ፤ ለአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የተፈቀደውም ገንዘብ እስከ ጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ብቻ የሚያደርስ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መከራከር የእንደራሴ ተግባር ነው፤ ስለ ግንብም ሆነ ስለ ጤና እውነተኛ አሳብ ያለው ሰው ዝም ሊል አይገባውም። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ሲዘጋ የእንደራሴዎቹ ደመወዝ አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው የዘበኛውና የጸሐፊው ነው። በሙግት የሚወራረድ ሰው የራሱን ያስይዛል እንጂ የጎረቤቱን እንጀራ አያስይዝም።