የሚያስፈራ መጽሐፍ ማንበብ ይጠቅማልን?



በዚህ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ኑሮ ውድነት ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለሚያስፈራ መጽሐፍ ጥቂት ቃል እንድናገር ይፈቀድልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም።

በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የአንዲት ተማሪዬ አባት፣ እሳቸውም የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፣ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥተው፣ «መምህር፣ ልጄ እርስዎ ያዋሷትን መጽሐፍ ካነበበች ወዲህ መብራት ጠፍቶ አልተኛም አለች። እኛ የላክናት ልትማር ነው ወይስ ልትደነግጥ?» አሉኝ። ያዋስኋት መጽሐፍ «ፍራንከንስታይን» የተባለው ነው። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለ ሆነ በችኮላ ልመልስላቸው አልወደድሁም። መልሴም ልጅ ላለው ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ይህን ደብዳቤ ጻፍሁ።

እኛ ኢትዮጵያውያን መፍራትን ከፈረንጅ መጽሐፍ የምንማር ሰዎች አይደለንም። የጭራቁንና የአያ ጅቦን ተረት ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ያልሰማ ማን አለ? ሲኒማ በመጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ እንኳ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። እንግዲህ ፍርሃት ቀድሞውንም በቤታችን አለ። ጥያቄው ማንን እንፍራ የሚለው ነው።

ስለዚህ ነገር ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልናዘዝ። ባደግሁበት ገጠር ከወንዝ ማዶ አንድ ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። አያቴ «ቀን ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሌሊት ጅብ ሆኖ መቃብር ይቆፍራል» ብለው ነግረውኛል። ማረሻችንንና ማጭዳችንን የሚሠራልን እሱ ሲሆን፣ ከቤታችን ገብቶ ግን እህል ቀምሶ አያውቅም። አንድ ቀን ሴት ልጁን ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ አገኘኋትና «ቡዳ!» ብዬ ድንጋይ ወረወርሁባት። ድንጋዩ ግንባርዋን መታት። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እስዋም ከዚያ አትበልጥም። ሳታለቅስ እንስራዋን አንሥታ ሔደች። ይህን ያደረግሁት በጥላቻ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

ከዚያ በኋላ በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ስማር፣ በዐሥራ አራት ዓመቴ፣ በቀላል እንግሊዝኛ ያጠረውን «ፍራንከንስታይን» አገኘሁ። መብራት ከጠፋ በኋላ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በባትሪ አነበብሁት። ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ትባላለች፤ መጽሐፉን በፈረንጅ ዘመን በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ስትጀምር ገና የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበረች። ታምቦራ የተባለው እሳተ ገሞራ ባለፈው ዓመት ፈንድቶ ስለ ነበረ የዚያ ዓመት በጋ ከክረምት አልተለየም፤ ብርዱና ዝናቡ ከቤት ባያስወጣቸው ወዳጆችዋ የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ። መጽሐፉ በ1818 ታተመ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ ከሬሳ ብልቶች ሰው መሳይ ፍጡር ሠርቶ ነፍስ ከዘራበት በኋላ፣ መልኩን አይቶ ደንግጦ ጥሎት ይሸሻል። ስም እንኳ አላወጣለትም። ፍጡሩ በአንድ ድኻ ቤተ ሰብ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ በግድግዳ ቀዳዳ እያየ ቋንቋ ይማራል፤ ሌሊት ሌሊትም እንጨት ሰብስቦ ከደጃቸው ያኖርላቸዋል። ዐይነ ስውሩ ሽማግሌ በደግነት ያነጋግረዋል። ልጁ ግን መልኩን ባየ ጊዜ በዱላ ደብድቦ ያባርረዋል። ነፍሰ ገዳይ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ከዚህ ገጽ ስደርስ ከጅቡና ከሬሳው ይልቅ ያስፈራኝ በእጁ ዱላ የያዘው ልጅ ነበር። ማረሻ ሠርቶ ከደጃችን የሚያኖረው ቀጥቃጭ ትዝ አለኝ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለዋል፤ እኔ ድንጋይ የወረወርሁት ግን ከዚያ ወደ 90 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። አዋጁ ያልደረሰበትን ልቤን ይህ ልብ ወለድ ደረሰበት።

እንግዲህ ለሥራ ባልደረቦቼና ለመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼና እኅቶቼ ሌሎችንም ልጠቁም። ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው «ድራኩላ» በማስታወሻ፣ በደብዳቤ፣ በቴሌግራምና በመርከብ መዝገብ የተዋቀረ ነው። ደም የሚመጠውን መስፍን ለማሸነፍ የረዳቸው አንዱ ነገር፣ ሚና የምትባል ሴት ጽሑፉን ሁሉ በታይፕ ገልብጣ በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥዋ ነው። ፋይል የሚያደራጅ ሰው ይህን ሲያነብ ሥራውን አይንቅም።

ስቲቨንሰን በ1886 ያወጣው የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ ደግሞ አጭር ነው፤ በሁለት ምሽት ያልቃል። የተከበረ ሐኪም መድኃኒት ጠጥቶ ወደ ክፉ ሰው ይለወጣል፤ በመጨረሻም መድኃኒቱን ሳይጠጣ መለወጥ ይጀምራል። በአማርኛ ማንበብ ለሚወድም የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሞትና አጋፋሪ እንደሻው» አለለት፤ ከሞት የሚሸሽ ሰው ታሪክ ነውና እያሳቀ ያስፈራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱት «ማክቤዝ» ደግሞ የተገደለ ሰው መንፈስ በግብር ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ያሳያል።

ሆኖም ልክ ያስፈልጋል። ለሕፃን ልጅ እነዚህ መጻሕፍት አይገቡም። ለወጣትም ቢሆን መጽሐፉን ሰጥቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ «ምኑ አስፈራህ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ደም በማፍሰስ ብቻ የሚያስደነግጥ መጽሐፍ በማግሥቱ ይረሳል። ጎረቤትን ጅብ አድርጎ የሚያሳይ ተረት ግን አይረሳም፤ ድንጋይ ያስወረውራል።

ወደ ተማሪዬ አባት ልመለስ። አንድ ቅዳሜ በሐይቁ ዳር ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ የጄኪልን መጽሐፍ አዋስኋቸው። በሳምንቱ መልሰው ሲያመጡልኝ፣ «መምህር፣ እኔም መብራት ሳላጠፋ አደርሁ» ብለው ሳቁ። ጥቂት ዝም ብለውም፣ «ያ ሐኪም ያን ሁሉ አድርጎ ንጹሕ ልብሱን ለብሶ ከወዳጆቹ ጋር ራት መብላቱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ» አሉ። ልጃቸውም ዛሬ ሁለተኛውን መጽሐፍ ይዛለች።

በመጨረሻም የትምህርት ቤትና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች እነዚህን መጻሕፍት ከመደርደሪያ እንዳያርቁ፣ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር እንዲያነቡ አሳስባለሁ። እኔ ግን ያችን እንስራ ተሸካሚ ልጅ ዳግመኛ አላገኘኋትም። ይቅርታዬን የምከፍለው ለተማሪዎቼ መጽሐፍ በማዋስ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሐዋሳ