ጦርነት አራዳ የገባ ዕለት

የጣሊያን ወረራ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ማይጨውን ነው። አራዳ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ተወልደን ላደግን ሰዎች ግን ጦርነቱ ደጃፋችን ላይ የሆነ ነገር ነው። አያቴ ቡና ባፈላች ቁጥር የምታነሳው የአራዳን ቃጠሎ ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከተማዋ ጠባቂ አጣች። የአራዳ ሱቆች ተሰብረው ተዘረፉ፣ ብዙዎቹም ጋዩ። የውጭ አገር ሰዎች ወደ እንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ሸሹ። አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች፤ «አቡጀዲው መንገድ ላይ ተዘርግቶ፣ ሰው በላዩ ሲሮጥ ጭቃ መሰለ» ትለን ነበር። የጣሊያን ጦር አዛዡ ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 የገባው በዚያ ፍርስራሽ መሃል ነው።

በክረምቱ አርበኞች ከተማዋን ለማስለቀቅ መጡ። የራስ ካሳ ልጆችና አበበ አረጋይን የመሳሰሉ መሪዎች ሐምሌ 21 ቀን ከየአቅጣጫው ጥቃት ቢከፍቱም ዝናብና የሞላ ወንዝ አላገናኛቸውም። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም ብለው በጥይት ተደበደቡ። ሐውልታቸው ዛሬም አራዳ ላይ ቆሟል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ የጊዮርጊስ ነገር ነው። ምኒልክ ከአድዋ ድል በኋላ ባሠሩት በዚህ ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ግንባታ አድዋ ላይ የተማረኩ ጣሊያኖችም ሠርተውበታል። በ1929 ዓ.ም. ግን በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች አቃጠሉት። ፊት ለፊቱ የነበረውን የምኒልክን ሐውልት ከዚያ በፊት ነቅለውታል። የአገሬውን ገበያም ከአራዳ አንስተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወሩት።

ጦርነት ማንንም አይምርም። በ1936 ዓ.ም. በራሷ በጣሊያን፣ ኮረብታ ላይ ያለው የሞንቴ ካሲኖ ጥንታዊ ገዳም በአሜሪካኖች ቦምብ ፈራረሰ። ጣሊያኖች ገዳማቸውን እንደ ቀድሞው አድርገው መልሰው ሠሩት። እኛም ከድል በኋላ ጊዮርጊስን አደስን፣ ሐውልቱን መልሰን አቆምን፤ የተራውን ሰው ታሪክ ግን አልሰበሰብንም።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ነዋሪውም በየአቅጣጫው ተበትኗል። የአራዳ ልጆች፣ ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ አዛውንት ዛሬም በየቤታችሁ አሉ። ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅዱ። የማን ሱቅ የት እንደነበር፣ ማን የት እንደተሸሸገ፣ ማን ወጥቶ እንደቀረ ጠይቋቸው።