የአንጎል ኬላ

(ድምፅ፦ የሆስፒታል ኮሪደር፣ ኮቴ፣ የሚገፋ አልጋ)

ተራኪ፦ ጎንደር ነን፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ በተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል። ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት ይዞት፣ እያስመለሰው፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት ያቃተው ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ሐኪም ፈጥኖ የሚጠረጥረው ማጅራት ገትርን ነው። ቀጥሎም ከታማሚው ወገብ ጥቂት ፈሳሽ ለመቅዳት ፈቃድ ይጠይቃል። ቤተሰብ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። «ከጀርባው ውሃ ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» የሚለው ወሬ ከሐኪሙ ቀድሞ ደርሷልና።

(ሙዚቃ)

ተራኪ፦ አንጎል ከራስ ቅሉ ሥር በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሏል። ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው ዱራ ማተር ወፍራምና ጠንካራ ነው። ቀጥሎ ስሱ አራክኖይድ አለ። ፒያ ማተር ደግሞ የአንጎልን እጥፋት ሁሉ እየተከተለ ይለጠፍበታል። በሁለቱ ስስ ሽፋኖች መካከል ጥርት ያለ ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ በአዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። 1,400 ግራም ገደማ የሚመዝነው አንጎል በዚህ ፈሳሽ ስለሚንሳፈፍ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይቀልለታል።

ሌላም መከላከያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊሽ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ሲወጋ ሌላው አካላቸው ሲቀለም አንጎላቸው ሳይነካ ቀረ። በ1913 ኤድዊን ጎልድማን ቀለሙን በቀጥታ ወደ አንጎል ፈሳሽ ሲጨምር ግን የተቀለመው አንጎሉ ነበር። በደምና በአንጎል መካከል ኬላ አለ ማለት ነው። የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ሕዋሳት እርስ በርስ ጥብቅ ብለው ተገጣጥመዋል፤ ኦክስጅንና ስኳር ያሳልፋሉ፣ አብዛኛውን ጀርምና ብዙ መድኃኒት ይመልሳሉ።

(ድምፅ፦ ነፋስ፣ የመኪና መናኸሪያ)

ተራኪ፦ ማጅራት ገትር አምጪው ባክቴሪያ በጤነኛ ሰው ጉሮሮ ተቀምጦ በሳልና በትንፋሽ ይተላለፋል። ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ ለሰሊጥ ሥራ የሚወርድ ሠራተኛ በጠባብ መጠለያ ተፋፍጎ ማደሩ ይመቸዋል። አንዳንዴ ከጉሮሮ ወደ ደም ይገባና ኬላውን ጥሶ ፈሳሹ ውስጥ ይራባል። ሽፋኖቹ ያብጣሉ፤ የራስ ቅል ግን አይለጠጥም። ሕክምና ካላገኙት ታማሚዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት ይሞታሉ፤ ከተረፉትም መስማት የሚሳናቸው አሉ።

ኢትዮጵያ ከሴኔጋል በሚጀምረው የማጅራት ገትር ቀበቶ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ከባድ ወረርሽኞች አጥቅተዋታል። ከ2013 ጀምሮ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች በዘመቻ የተሰጠው ክትባት «ኤ» የተባለውን ዝርያ ገታ፤ ሌሎቹ ዝርያዎች ግን አልጠፉም።

(ድምፅ፦ የብረት ሳህን፣ የጓንት ድምፅ)

ተራኪ፦ ታማሚው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ያጥፋል። ወገቡ በአዮዲን ይጸዳል። ሐኪሙ የዳሌውን አጥንት ዳብሶ፣ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው የወገብ አጥንት በታች ቀጭን መርፌ ያስገባል። ህብለ ሰረሰር ከዚያ ከፍ ብሎ ስለሚያበቃ መርፌው አያገኘውም። ፈሳሹ ጠብ ጠብ እያለ ብልቃጡ ውስጥ ይወርዳል። ጤነኛው እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ባክቴሪያ የገባበት ይደፈርሳል። የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ሰውነት በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚሠራ የተቀዳው ወዲያው ይተካል። አንዳንዱን ሰው ለጥቂት ቀን ራሱን ሊያመው ይችላል።

ውጤቱ የትኛው ጀርም እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚበጅ ይናገራል። እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለው መድኃኒት በደም ሥር፣ ከፍ ባለ መጠን የሚሰጠውም ኬላውን እንዲያልፍ ነው። ከጎረቤት የተገኘ ጥቂት ኪኒን ግን በሽታውን ሳያድን ምርመራውን ያዛባል።

ስለዚህ አድማጮቻችን፦ ትኩሳትና የማጅራት መገተር አብረው ከታዩ፣ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው ከቀባዠረ ወይም ካንቀጠቀጠው፣ ሌሊትም ቢሆን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሐኪሙ ከወገብ ፈሳሽ ልቅዳ ሲላችሁም ፍቀዱለት።